ለጋሽ ማኑኤል የቆምኩበት ዓመት

በዚያ ትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ እሱንም ግማሹን ቆሜ። እነሱ ግን አልረሱኝም። በየዓመቱ "ውድ የቀድሞ ተማሪያችን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስታ ይልኩልኛል፤ እኔም በየዓመቱ ሳልከፍት እጥለዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። በነጻ ማስታወቂያ የምሠራለት ውለታ የለብኝም።

ባለፈው ወር ግን ሳልፈልግ ትዝ አለኝ። ከጄኔቫ ለሥራ ስልጠና ወደ ዙሪክ ተልኬ፣ ኦፕፊኮን ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አደርኩ። ጠዋት የክፍሌን በር ስከፍት ኮሪደሩ የወለል ሰም ይሸታል። የዛሬውን የሎሚ ሳሙና ማለቴ አይደለም፤ ያንን ቢጫውን፣ በቆርቆሮ የሚመጣውን፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠውን ነው። አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ማሽናቸውን እየገፉ ወደኔ ይመጣሉ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በፊቴ እስኪያልፉ ቆምኩ። ስልጠናው ላይ አሥር ደቂቃ ዘገየሁ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ጄኔቫ፣ ላንሲ ውስጥ እንኖራለን። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እናቴ የደሴ ሰው ናት፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ክፍል ታጸዳለች። የመኖሪያ ፈቃዳችን ገና ጊዜያዊው፣ ኤፍ የሚሉት ስለነበረ ማኅተም ያለበት ፖስታ በመጣ ቁጥር "ያረቢ!" ብላ ደረቷን ትይዛለች። አንድ ቀን ግን በፖስታው ውስጥ ደግ ነገር መጣ። የላንሲ አስተማሪዬ ያስፈተነችኝን ፈተና አልፌ፣ ከቪንተርቱር ወዲያ ገጠር ውስጥ ባለ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነጻ ቦታ ተሰጥቶኛል። እናቴ ስላላመነች ደብዳቤውን ለሦስት ሰው አስነበበችው። ሦስተኛው ሰው "ለአንድ ዓመት ነው፤ ጠባይዋ ታይቶ ይታደሳል ይላል" ሲላት፣ "የሷ ጠባይ? የሷማ ጠባይ ምን ይወጣለታል!" አለች።

ትምህርት ቤቱን የመሠረተው እንግሊዛዊ የአገሩን ገጠር ቆርሶ ይዞት የመጣ ነው የሚመስለው። ከአጥሩ ውጪ የስዊስ ላሞች ቃጭላቸውን እያንቃጨሉ ይግጣሉ፤ ከአጥሩ ውስጥ እንግሊዝ ነው። ሣሩን መርገጥ የሚችሉት አስተማሪዎችና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። የኮታችን የመጨረሻ ቁልፍ አይቆለፍም። የግንቡ ሰዓት ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ መሥራቹ አንድ ጊዜ ባቡር አምልጦት ስለተናደደ ነው አሉ። ስዊስ አገር ውስጥ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ሰዓት! ከምግብ በፊት ርዕሰ መምህሩ በላቲን ይጸልያል። እኔ የዕለቱን ምግብ የሚዘረዝርልን መስሎኝ ዶሮ ይኖር እንደሆነ ለመስማት ጆሮዬን እቀስር ነበር።

"ለምንድን ነው እንዲህ የሚደረገው?" ስል የመኝታ ቤታችን የተማሪ አለቃ ቪክቶሪያ፣ "ወግ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው" አለችኝ።

ይኼን ስሰማ ደስ አለኝ። ወግማ የቤቴ ነው! ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እናቴም ለምን ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር የምትመልስልኝ ይኼንኑ ነው። እነዚህ ሰዎች በሩቁ ዘመዶቼ ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ ዝምድናችን ይበልጥ ታየኝ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ባሉበት አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ ትልቁ በር ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ አስተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ። ሁለት መቶ ልጅ ብድግ አለ። እሰይ! እኛም ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ "ኖር" ይባላል። እኔም ብድግ አልኩ፤ በሆዴም "ኖር" አልኩ። መድረኩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ሄደው ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን።

ወዲያው የጎኑ በር ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ የሾርባ ድስት የተጫነበት ጋሪ እየገፉ ገቡ። ጸጉራቸው እንደ ባዘቶ ነጭ ነው፤ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። ከርዕሰ መምህሩ በአሥራ አምስት ዓመት ሳይበልጡ አይቀሩም። እኔ ብድግ አልኩ።

ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ ሌሎቹ ያላዩዋቸው መስሎኝ አጠገቤ ያለችውን ልጅ በክርኔ ነካ አደረግኳት። አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተላለፈ ሄደ። ሽማግሌውም ቆሜ ሲያዩኝ ጋሪያቸውን አቁመው ዞር አሉና ከኋላቸው ማን እንደገባ ተመለከቱ።

ማንም አልነበረም። ያቺን መዞር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሳቁ ያልቆጠቆጠኝን ያህል እሷ ቆጠቆጠችኝ።

በነጋታው የመኝታ ቤታችን ኃላፊ ሚስ ሃርት ጠራችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብስኩትም ሰጠችኝ።

"የምንነሳው መድረኩ ላይ ለሚቀመጡት ነው" አለችኝ። "ማኑኤል የኩሽና ሠራተኛ ነው።"

"ሽማግሌ አይደሉም?"

"ሽማግሌ ነው።"

"ታዲያ?"

ሚስ ሃርት ሻይዋን አማሰለች። "ታሳፍሪዋለሽ፣ ሃያት። እሱም አይወደውም።"

ይኼ ክርክሬን አስረሳኝ። ሰውን ማክበር ብዬ ሰውን አሳፍሬ ከሆነስ? ያም ሆኖ ዝም ብዬ ለመቀመጥ እግሬ እምቢ አለኝ። በዚያ ሳምንት በየምሽቱ ተነሳሁ፣ በየምሽቱ ተሳቀብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸውን ልጠይቃቸው ወሰንኩ።

ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ወለሉን በዚያ ቢጫ ሰም ይወለውላሉ። ፖርቱጋላዊ ናቸው። ጀርመንኛው አይሆንላቸውም፣ እንግሊዝኛም ትንሽ ነው፤ ፈረንሳይኛ ግን ይናገራሉ፣ ወጣት ሳሉ ጄኔቫ ግንባታ ሠርተዋል። እኔም የላንሲ ልጅ ነኝ። በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መካከል ሁለታችን በፈረንሳይኛ ማውራታችን ጓዳ ገብቶ እንደመጨዋወት ነበር።

"እንዳሳፈርኩዎት ነገሩኝ" አልኳቸው። "ልክ ነው?"

ጨርቁን ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀሉትና ተረከዛቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"የመጀመሪያ ቀን ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ የመጣ መሰለኝ" አሉ። "ሁለተኛው ቀን፣ ልጅቷ ጤና የላትም አልኩ። ሦስተኛው ቀን ግን ንጹሕ ሽርጥ ለበስኩ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ማኑኤል አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሳስረዳቸው "ጋሽ" እያሉ ለራሳቸው ደጋገሙት። ስነሳ ከንፈሬን የማንቀሳቅሰው ምን ብዬ እንደሆነም ጠየቁኝ። "ኖር" እንደሚባል፣ የተነሱለት ሰው ደግሞ መልሶ "ተቀመጡ" እንደሚል ነገርኳቸው። እኛ ቤት መልሱ "በአላህ" ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን "በእግዜር" ይላሉ። እሳቸው አንገታቸው ላይ መስቀል ስላለ "በእግዜር"ን መረጥኩላቸው። "ዜ"ው ላይ እየተደናቀፉ ወለሉን ጨርሰው እስኪነሱ ተለማመዱት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን ያስቀምጠኛል!

የቪክቶሪያ ቡድን መጫወቻ አደረገኝ። ድመቷ በመስኮት ስትገባ ይነሳሉ፤ ጭልፋው ሲመጣ ይነሳሉ፤ እኔ ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ አልጋቸው ላይ ሳይቀር ይቆሙልኛል። እኔም "በአላህ፣ ተቀመጡ" እላቸው ነበር፣ በአማርኛ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንደ እናቴ አጎት። የሚያናድዳቸው ይኼ ነው። ውስጤ ግን ያርር ነበር፤ ትራሴን ነክሼ የተኛሁበት ቀን ጥቂት አይደለም።

በረዶው ሲበረታ ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። ቢሮው ውስጥ አልጮኸም፤ እሱ የሚጮህ ሰው አይደለም። "ወግ ማለት ሁላችንም በአንድ ላይ የምናደርገው ነው" አለኝ። "አንዱ ብቻውን የሚያደርገው ረብሻ ይባላል።"

"ጌታዬ፣ ይኼም ወግ ነው" አልኩት። "የኛ ነው።"

"እዚህ ያለነው በኛ ቤት ነው" አለ። "መቆም ይህን ያህል ከወደድሽ ለአንድ ሳምንት ቆመሽ ብዪ።"

ቆሜ በላሁ። ግድግዳው ሥር፣ የመሥራቹ ትልቅ ሥዕል ከተሰቀለበት በታች፣ ሳህኔን መደርደሪያ ላይ አድርጌ። እናቴ ቆሞ መብላት ነውርም ነው፣ በሃይማኖታችንም አይወደድም እያለች ስላሳደገችኝ በየጉርሻው ሐጢአት የሚጻፍብኝ ይመስለኝ ነበር። በሆዴ "አላህ ሆይ፣ አስቁመውኝ ነው" እላለሁ። ጋሽ ማኑኤል ጋሪያቸውን ይዘው ሲገቡ ግን ችግር ገጠመኝ፤ አስቀድሜ ስለቆምኩ የምነሳበት የለኝም። ማንኪያዬን አስቀመጥኩና እጄን ወደ ታች አድርጌ ቀጥ አልኩ። አይተዋል። ድስቱን የሚከፍቱ መስለው አጎንብሰው "በእግዜር" አሉ፤ እኔና ሥዕሉ ብቻ ሰማን።

ማኅተም ያለበት ፖስታ ላንሲ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ለየካቲት ዕረፍት ቤት ስገባ እናቴ የሥራ ልብሷን ትተኩስ ነበር። አላቀፈችኝም። ደብዳቤውን በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋችው። የቦታዬ መታደስ አለመታደስ በመሥራቹ ቀን በዓል ላይ ይወሰናል ይላል። ወላጅም እንድትገኝ ይላል።

"የሰው አገር ሄደሽ የሾርባ ሰውዬ ላንግሥ አልሽ?" አለችኝ።

"ሽማግሌ ናቸው፣ እማ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።"

"አስተማርኩሽ! ብዪ አልኩሽ፣ ተማሪ አልኩሽ፣ እሱን ለምን አልያዝሽውም? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥዪ ነው!" ካውያውን አቆመችው። "እኔን እይኝ። ጠዋት አሥራ አራት ክፍል እገባለሁ። ሰዎቹ አልጋ ላይ ተጋድመው ስገባ እግራቸውን እንኳ አይሰበስቡም። ማን ተነሳልኝ? ሞትኩ?"

የእናቴን ዓይን እንባ አቅርሮ ሳየው ክርክሬ ሁሉ ከዳኝ።

"እንደኔ ጋሪ ስትገፊ እንድትኖሪ አይደለም የላኩሽ" አለች። "ወላሂ በዪ። አልነሳም፣ ወላሂ በዪ።"

"ወላሂ" አልኩ።

እሷም በማላውቀው ሰው አስጽፋ ለርዕሰ መምህሩ የይቅርታ ደብዳቤ ላከች። ልጄ አጥፍታለች፣ አይደገምም፣ ይላል። ከሥር ፈርማለች።

ተመልሼ በገባሁበት ምሽት ጋሪው መጣ። ተቀመጥኩ። ዓይኔን ሾርባው ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ማኑኤል ሽርጣቸው እንደ ወረቀት ነጭ ነበር፣ የተኩሱ መስመር ሳይቀር ይታያል። ቪክቶሪያ አጨበጨበችልኝ። በነጋታው የመጡት በአሮጌው፣ በቅባት በተበላሸው ሽርጥ ነው።

ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። "ለእናቴ ምዬ ነው" አልኳቸው። "ለእናት ከሆነማ ልክ ነው" አሉ። ወለሉን መወልወላቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው "እንዲያውም ሽርጥ መተኮስ ሰልችቶኝ ነበር" አሉኝ። እንደዋሹ አወቅኩ፤ እንዳወቅኩም አወቁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በሕይወቴ ተቀምጬ የደከምኩት ያኔ ብቻ ነው።

የመሥራቹ ቀን ደረሰ። እናቴ ገና ሳይነጋ ከጄኔቫ ተነስታ፣ ቪንተርቱር ላይ ከባቡር ወርዳ፣ ቢጫውን የገጠር አውቶቡስ ይዛ መጣች። አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ለኢድ የምታደርገውን ጫማ አድርጋለች። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጨበጣትና "ደብዳቤዎ በጣም ደስ አሰኝቶናል። ከምሳ በኋላ ቢሮዬ እንፈራረማለን" አላት። አስተረጎምኩላት። ከደስታዋ ብዛት እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ አዳራሹ ስንገባ "አየሽ?" አለችኝ፤ "አየሽ ዝም ማለት የሚያመጣውን?"

አዳራሹ በወላጆች ተሞልቷል፤ ባርኔጣ፣ ሽቶ፣ የወርቅ ሰዓት። እናቴ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትልቁ በር ተከፈተ፣ አስተማሪዎቹ ገቡ፣ ሁሉም ተነሳ፣ እኛም ተነሳን። በላቲን ተጸለየ። ሁሉም ተቀመጠ፣ እኛም ተቀመጥን። የጎኑ በር ሲከፈት ጉልበቶቼን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኳቸው።

ጋሽ ማኑኤል ገቡ። በእንግዳው ብዛት ጋሪው ለሌላ ተፈልጎ ነው መሰለኝ ድስቱን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ እያነከሱ።

"ኖር!"

ድምፁ የኔ አልነበረም። ቀና ስል እናቴ ከወንበሯ ብድግ ብላለች።

አስባበት አልነበረም። ሽማግሌ ገባ፣ እሷም ተነሳች፤ አለቀ። ነገሩ የገባት ከተነሳች በኋላ ነው። ዙሪያዋን አየች፤ ሁሉም ተቀምጧል። ጉልበቷ እንደመታጠፍ ብሎ በመቆምና በመቀመጥ መሀል ቀረች። መድረኩ ላይ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ያያታል። አንድ ልጅ ሳቀ። እጅጌዋን ጎተትኩ።

"እማ፣ ቁጭ በዪ! ርዕሰ መምህሩ እያየን ነው!"

ርዕሰ መምህሩን አየችው። ከዚያ ጋሽ ማኑኤልን አየች፣ ነጩን ጸጉራቸውን፣ በድስቱ ክብደት የሚንቀጠቀጠውን ክንዳቸውን። ከዚያ ጉልበቷን ዘረጋች። ሻሿን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመችና ወደ ታች ወደኔ ዞረች።

"አንቺስ ምን ይጎልትሻል? ተነሺ እንጂ!"

"ማልኩልሽ እኮ!"

"ተነሺ አልኩሽ!"

ተነሳሁ። በሁለት መቶ ልጅና በዚያ ሁሉ ወላጅ መሀል ሁለታችን ብቻ ቆምን። ከኛ ሌላ የተነሳ የለም፤ ሚስ ሃርት ሳህኗን ትመለከታለች። ጋሽ ማኑኤል ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አሳረፉ። አሁን ግን ዞር ብለው ከኋላቸው አላዩም። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳራሹ እንዲሰማ አድርገው፣

"በእግዜር" አሉ። "ተቀመጡ።"

እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ እንደ ወጉ ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥኩ፤ ሾርባችንን ጠጣን። ሾርባው የአተር ነበር፣ ጨው አንሶታል።

ከምሳ በኋላ ቢሮው የጠራን የለም። እኛም ሄደን አልጠየቅንም። እናቴ ውሳኔውን ሳትጠብቅ መኝታ ቤት ገብታ ልብሴን በሻንጣ አጣጠፈች፣ አውቶቡሱንም ተሳፈርን። ያልታደሰ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ በሳምንቱ ላንሲ ደረሰ፤ ከነማኅተሙ። እናቴ ደረቷን ሳትይዝ የከፈተችው የመጀመሪያው ፖስታ እሱ ነው።

በባቡሩ ውስጥ ግን ገና ይህን አናውቅም ነበር። ዙሪክን አልፈን ብዙ ሄደናል። እኔን መሐላዬ ከነከነኝ።

"ወላሂ ብዬ ነበር" አልኳት።

"ሦስት ቀን እንጾመዋለን።"

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ያስማልኩሽ እኔ አይደለሁ?" ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸት አሸት አደረገች። "እኚያ ሰውዬ ግን አማርኛ ማን አስተማራቸው?"

"እኔ።"

ሳቋ አመለጣት። በመስኮቱ የጄኔቫ ሐይቅ መታየት ጀመረ። የሚቆጠቁጠኝን ጠየቅኳት።

"እማ፣ ስትነሺ ያን የይቅርታ ደብዳቤሽን ረስተሽው ነው?"

"መጀመሪያ ረስቼው ነበር" አለች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትዝ አለኝ።"